ባለ ሁለት ዓይኗ ሃምሳ ሰባት

የብርጭቆ ቁምሳጥኑን ስትወለውዪ ያነሣሻት ትንሿ መኪና የልጅ መጫወቻ አይደለችም። ፊቷ ላይ ያለው ነጭ ነገርም ቆሻሻ እንዳይመስልሽ፤ የሸሚዝ ቁልፍ ነው። ሁለት ነበሩ፣ አንዱ ወድቆ ጠፋ። ወደ አፍንጫሽ ብታስጠጊያት ከሆዷ ሥር አሁንም የሙጫ ሽታ አላት፤ ወይም እኔን ብቻ ይሆናል የሚሸተኝ። ባለፈው ሳምንት በጫማ ሰፊው በኩል ሳልፍ ያው ሽታ መጣና ቆሜ ቀረሁ። ሰውየው «እማማ፣ ምን ልሥራልዎት?» አለኝ። የሚሠራ ጫማ አልያዝኩም ነበር።

ይቺ የተሠራች ጊዜ ደብረ ማርቆስ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ሹፌር ነበሩ። የሚነዷት መኪና የራሳቸው ሳትሆን የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ነበረች፤ አሜሪካ ሠራሽ የቤት መኪና፣ ላይዋ ነጭ፣ ታቿ ሰማያዊ። ሐጂው በገበያ ቀን ይጁቤ፣ ሌላ ቀን ቁይ ወይም ጉንደ ወይን ይወርዱባት ነበር። አባቴ ጠዋት ከመነሣታቸው በፊት ጣሪያዋን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ፤ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ነፋሱ በሚሄድባት በኩል ነው የምትጠረገው» ይሉኝ ነበር።

ስድስት ዓመቴ ሳለ አንድ ጊዜ ይጁቤ ድረስ ወስደውኛል። ፀሐይ ያሞቀው የወንበር ቆዳና ከኋላ የተጫነው አዲስ አቡጀዴ ተቀላቅሎ ይሸት ነበር። ጠጠሩ ከሥራችን እንደ ሽምብራ ቆሎ ይንጣጣል። ከመነሣታችን በፊት አባቴ በሩን ከፍተው «ግቢ፣ እመቤት» አሉኝ። ከዚያ በፊት እመቤት ያለኝ ሰው አልነበረም።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ የአባቴ ዓይን መድከም ጀመረ። ለማንም አልተናገሩም። አንድ ቀን ከቁይ ሲመለሱ፣ ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴት መንገዱ ዳር ስትሄድ አላዩዋትም። ሴትዮዋ ዘላ አመለጠች፣ እንስራዋ ግን ተሰበረ። በማግሥቱ አባቴ ወደ ሐጂው ሱቅ ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ ባለው የጨርቅ ጣቃ ላይ አስቀመጡት።

«ለሌላ ሰው ይስጧት፣ ሐጂ።»

«ወንድሜ፣ የተሰበረው እኮ አንድ እንስራ ነው።»

«የሚቀጥለው እንስራ አይሆንም።»

ሐጂው ቁልፉን አላነሡትም። ሌላ ሹፌርም አልቀጠሩም፤ መኪናዋን ለአንድ የባሕር ዳር ሰው ሸጧት። ስትሄድ አባቴ ወጥተው አላዩም።

ሐኪሙ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም ቀስ በቀስ ይሄዳል ብሏቸው ነበር። እኩለ ቀን ላይ፣ በር ላይ ሲቀመጡ፣ ወደ ዓይናቸው ያስጠጉትን ነገር ገና ይለዩ ነበር። ስለዚህ መቀመጫቸው በሩ ላይ ሆነ። ከቤት መውጣት ተዉ። ስለ መኪናዋ ማውራትም ተዉ። ከዚያ በፊት እራት ላይ የምንሰማው የእሷን ወሬ ነበር፤ እናቴ እንኳ «ዛሬስ ጣውንቴ እንዴት ዋለች?» ትላቸው ነበር። አሁን ዝም ብለን እንበላለን።

ሒሳብ የሚያስተምረን አሜሪካዊ ከእኔ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢበልጠኝ ነው። አማርኛው ደፋር ነበር፣ ወንድና ሴት ግን አይለይም። አንድ ቀን ንጽጽር ሊያስተምረን ከቦርሳው አንድ ስንዝር የምታህል መኪና አወጣ። ክፍሎቿ ለየብቻ ሆነው ተገዝታ በእጁ የገጣጠማት ነበረች። «አንድ ለሃያ አምስት» አለን፤ ሃያ አምስቱን ብትደረድሯቸው የእውነተኛዋን ርዝመት ይሆናሉ ማለቱ ነው። መስኮቷ፣ መሪዋ፣ የበሯ እጀታ ሳይቀር ነበራት። ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ከክፍል ሁሉም ሲወጡ ቀረሁና የአባቴ ዓይነት ይገኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሥራቸውንም፣ ዓይናቸውንም ነገርኩት። ቶሎ መሆን አለበት አልኩት።

የመኪናዋን ስም አወቀው። «የስንት ዓመተ ምሕረት ናት? ፋብሪካው በየዓመቱ ፊቷን ይለውጣል» አለኝ።

አባቴ ሁልጊዜ «ሃምሳ ሰባቷ» ነበር የሚሏት። እኔ ደግሞ ሐጂው ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ መኪናዋ ደብረ ማርቆስ የገባችው በሃምሳ ዓመተ ምሕረት፣ የፋሲካ ማግሥት ነው። የእኛን ዓመተ ምሕረት ወደ ፈረንጅ ለመመለስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት እንደሚደመር በዚያው ዓመት ተምረን ነበር። ፋሲካ ደግሞ ከጥር በኋላ ነው። አባቴ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው ያቆሙ ሰው ናቸውና፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ሰባት ደምረው ትተውታል አልኩ በልቤ።

«ሃምሳ ስምንት ናት፣ ሰር።»

«አባትሽ እርግጠኛ ናት?»

«እርግጠኛ ናቸው» አልኩት። አልጠየቅኋቸውም ነበር።

እንድትልክልን ለእናቱ ጻፈላት። ጥቅሉ የመጣው በየካቲት ነው። በመካከሉ አባቴ ከበሩ ሆነው የግቢያችንን ዛፍ መለየት አቁመው ነበር። ካርቶኑን ታቅፌ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ሮጥኩ፤ ገና ያልተገጣጠመ መሆኑም አላስጨነቀኝም። ክፍሎቹ በፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለዋል፤ አካሏ ግን አንድ ወጥ ስለሆነ እሱን አውጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። «መኪናዎት ናት፣ አባባ» አልኳቸው።

ወደ ብርሃኑ አዙረው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ ማየቱን ተዉትና ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ሄዱበት። ግንባሯ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጣሪያዋ ላይ ወጡ፤ እዚያም ቆሙ።

«ይቺ የሰው መኪና ናት፣ ልጄ» አሉኝ። «የእኔ ሁለት ዓይን ነው የነበራት። ይቺ በያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት አላት። ጣሪያዋም ታርሷል።»

እውነት ነበር፤ ጣሪያው ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ቀጫጭን ቦዮች ነበሩበት። እኔ ግን አልተሸነፍኩም። ስለ ጥርና ስለ ታኅሣሥ፣ ስለ ሰባትና ስለ ስምንት አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ታገሡኝ።

«እኔ መች ደመርኩ?» አሉ። «ሞተሯ አጠገብ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት። አንቺ የቆጠርሽው ደብረ ማርቆስ የገባችበትን ነው። የተወለደችው እኮ እዚህ አይደለም፤ ባሕር ተሻግራ፣ አዲስ አበባ ከርማ ነው የመጣችው።»

እናቴ ከውስጥ ሆና «ክርስትናዋን ከልደቷ ጋር አምታትታብሃለች» አለች። አባቴ ሳቁ። እኔ ካርቶኑን ይዤ ወጣሁ።

ዛሬ ሳስበው ያሳፈረኝ ስህተቱ አልነበረም። ስሌቱ ልክ ነበር፤ ዛሬም ብትጠይቂኝ ስምንት ነው የምደምረው። ያሳፈረኝ «እርግጠኛ ናቸው» ያልኩት ነው።

በማግሥቱ ለመምህሩ ስነግረው ፀጉሩን አሻሸ። ሌላ ቢያዝ የሚደርሰው እሱ አገሩ ከገባ በኋላ ነው፤ ሰኔ ላይ ጊዜው ያልቅ ነበር። የአባቴም ዓይን ሰኔን መጠበቁን ማንም አያውቅም። ካርቶኑን ከፍቶ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። «በሮቹ ያው ናቸው፣ መስኮቱም ያው ነው» አለ። «የተለወጠው ፊቷ፣ ጅራቷና ጣሪያዋ ነው። እንመልሳታለን።» አንድ ዓመት ወደ ኋላ ማለቱ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሥር እንቀመጥ ነበር። በሩ ክፍት ነበር፤ እናቴ ያንን አስጠንቅቃኛለች። ትርፉን የፕላስቲክ ዘንግ በምላጭ እየፋቅን ፍቅፋቂውን በቆርኪ ውስጥ ከሙጫው ጋር እናዋህደዋለን፤ ሊጥ ይሆናል። በዚያ ሊጥ የጣሪያዋን ቦዮች በመርፌ ጫፍ ደፈንናቸው። አራት ቀን ማድረቅ ነበረብን። እኔ በሁለተኛው ቀን ደርቆ እንደሆን ብዬ ነካሁት፤ አውራ ጣቴ ገብቶ አሻራው ጣሪያዋ ላይ ቀረ። መምህሩ አልተቆጣም። «አሁን ፊርማ አለው» ብሎ እንደገና ሊጥ ሠራ። ሲደርቅ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስኩ ፈተግሁት። ፀሐዩ ከመስኮቱ በአግድም ሲመታው ጉድጓዱ ይታየኛል፤ እንደገና እፈትጋለሁ።

አራቱ ዓይኖች፣ የፊት መብራቶቿ፣ ከባድ ነበሩ። ቦታቸውን በምላጭ ቆርጠን በቁራጭ ደፈንነው፤ በያንዳንዱ ጎን አንድ አንድ ክብ ቀዳዳ ብቻ ተውን። የኋላ መብራቷን ከተሰበረ የብስክሌት አንጸባራቂ አወጣነው። ለፊቷ የሚሆን ግን ጠፋ። ሐጂው ሱቅ ሄጄ ነገሩን ስነግራቸው መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው የሸሚዝ ቁልፍ ሣጥን አወረዱና ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። እያንዳንዱን ወደ ደጅ ብርሃን እያነሡ አዩ።

«ይኼ ትልቅ ነው፤ የደነገጠች ያስመስላታል» አሉ። «እሷ ጨዋ ነበረች።» በመጨረሻ ሁለት ትናንሽ ሉል የሚመስሉ ቁልፎች መረጡ። የሱቃቸው በር የተቀባበትን ሰማያዊ ቀለም ትራፊም በጣሳ ሰጡኝ። «ሲያያት ምን እንዳለ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ» አሉኝ። የቀሩትን ቁልፎች ወደ ሣጥኑ መልቀም ጀመሩ፤ እኔም ቶሎ ወጣሁ።

የቀረው ከሥሯ ያለው ቁጥር ነበር። ፋብሪካው ዓመቱን ሆዷ ላይ ከፍ ብሎ በጎላ አኃዝ አትሞት ነበር። ስምንቱን ልፍቀው ስል ፕላስቲኩ ስስ ሆኖ ሊበሳ ደረሰ፤ መምህሩ እጄን ያዘ። «ተዪው። ከሥር ማን ያያል?» አለኝ።

ሰኔ ሳይገባ አለቀች። አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ መምህሩ አብሮኝ መጣ። አባቴ በሩ ላይ ነበሩ።

«አባባ፣ እንዴት ነሽ?» አላቸው።

«ደኅና ነኝ፣ እቴ» አሉት።

መኪናዋን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ። አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያዟት። አንገታቸውን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዘነበሉ፤ ብርሃን በየት በኩል እንደቀረላቸው የሚፈልጉ ይመስል ነበር። ያዩ ይሁን ያላዩ አላውቅም። ደፍሬ አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ ጣታቸው ሄደ፤ ግንባሯ ላይ አንዱን ቁልፍ፣ ሌላውን ቁልፍ ነካ። ጣሪያዋ ላይ ወጥቶ እስከ መጨረሻው ሳይቆም ተንሸራተተ። የጋቢያቸውን ጫፍ ጠቅልለው ጠረጓት፤ ከፊት ወደ ኋላ።

«ነች» አሉ።

መምህሩ ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ። እናቴ የምትሠራውን ትታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

አባቴ ገለበጧት። ጎማዎቿን አዞሯቸው፣ ሆዷን ዳሰሱ፤ እዚያ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቁጥር ነው፣ አባባ።»

«ምን ይላል?»

አባቴ አኃዝ ያውቁ ነበር። ሃያ ዓመት የመንገድ ምልክትና የመኪና ታርጋ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ያንን ግን ያሰብኩት ከመለስኩ በኋላ ነው።

«ሃምሳ ሰባት» አልኳቸው።

አውራ ጣታቸው በመጨረሻዋ አኃዝ ላይ ቀስ ብሎ ዞረ፤ አንድ ክብ፣ ከሥሩ ሌላ ክብ። ከዚያ መኪናዋን ቀና አድርገው ጭናቸው ላይ መለሷት።

«ጎሽ» አሉኝ። «አሁን መደመሩን አወቅሽበት።»

በዚያ ክረምት የቀረው ብርሃን ሄደ። መምህሩ አገሩ ገባ፤ አንድ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር፣ አባቴን አሁንም «እሷ» እያለ። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። መኪናዋ ከራስጌያቸው አልተለየችም፤ ማታ ማታም እናቴ «ጣውንቴ ተኛች?» ትላቸው ነበር። ያረፉ ዕለት አልጋቸውን ሳነሣ ከዓይኖቿ የወደቀውን ቁልፍ ትራሱ ሥር ፈለግሁት፤ የለም።

አልጣልሽብኝም፣ ደግ አደረግሽ። መልሰሽ ስታስቀምጫት ጣሪያዋን ጥረጊያት። ከፊት ወደ ኋላ ነው።