አሥራ ስምንት ዲግሪ

ወንድሜን ሰፈሩ በረዶ እያለ ይጠራዋል። ፍሪጅ ስለሚጠግን ነው እንጂ ጠባዩስ እሳት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ወተትና ሥጋ ሲያቀዘቅዝ ኖሮ፣ ለአባታችን ቢራ እጠምቃለሁ ብሎ የተነሳ ጊዜ ባልዲ ሙሉ ነገር በሙቀት አበላሽቶ አረፈው።

ነገሩ የጀመረው ሐኪሙ ዘንድ ነው። አባባ ምላሳቸው ላይ ዕጢ ወጥቶባቸው ነበርና ሐኪሙ ከአንድ ወር በኋላ ለቀዶ ሕክምና ቀጠራቸው። በሕይወት እንደሚተርፉ ተስፋ ሰጠን፤ ከዚያ ወዲያ ጣዕም መለየታቸውን ግን እንጃ አለ። አባባ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት በቢራ ፋብሪካ ጠማቂ ነበሩ፤ እኛንም ያሳደጉን በዚያው ምላስ ነው።

ደረጃውን ስንወርድ በረዶ ክንዴን ያዘኝ። «እቴቴ፣ ምላሳቸው ሳይነካ የኔን ቢራ ይቀምሳሉ» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። በጎረምሳነቱ አባባ ፋብሪካ ላስገባህ ቢሉት አሻፈረኝ ብሎ ወደ ፍሪጅ ሥራ ሄደ፤ እሳቸውም ተናደው «እንግዲህ ሰው የጠመቀውን ስታቀዘቅዝ ኑር» አሉት። ይቺ ቃል እስከዛሬ ከሆዱ አልወጣችም። ሁለቱም ግትር ናቸው። እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ፤ የደንበኛ ሸሚዝና የነሱን ኩርፊያ እኩል ስተኩስ ዕድሜዬ አለቀ።

የመጀመሪያውን ባልዲ ከመተኮሻ ክፍሌ ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት አስቀመጠው። ብቅሉን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ እርሾውን ጨምሮ ክዳኑን ገጠመ። ትንፋሹ የሚወጣበትን ቱቦ ደግሞ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነከረው። መመሪያው አሥራ ስምንት ዲግሪ ይላል። ቴርሞሜትሩን ግድግዳው ላይ ሰቀለና አሥራ ስምንት ሲል ባየው ቁጥር ደረቱን ይነፋ ጀመር።

ይህን ስህተት ከፍሪጅ ጠጋኝ በቀር ማን ይሠራዋል? እሱ የሚለካው አየር ነው። አየሩ ከቀዘቀዘ ውስጡ ያለው ሁሉ ይቀዘቅዛል፤ ወተት ከራሱ ተነስቶ አይሞቅማ። ቢራ ግን በእርሾው ሲፈላ የገዛ ራሱን ሙቀት ያወጣል።

በሦስተኛው ቀን ቱቦው ውሃውን ከብርጭቆው እየረጨ ሳለ አባባ በሩ ላይ ብቅ አሉ። በረዶ በጀርባው ሊከልል ሞከረ፤ ገፋ አድርገውት አለፉ። እንደታመመ ሕፃን ግንባር የእጃቸውን ጀርባ ባልዲው ላይ አሳረፉ።

«ትኩሳት አለው» አሉ።

በረዶ ወደ ቴርሞሜትሩ ጠቆመ። «አሥራ ስምንት ነው፣ አባባ።»

«የሚፈላው ግድግዳው ነው?» ብለው ወጡ።

እልኸኛ ነውና እስከ ሰባተኛው ቀን ጠበቀ። ሲከፍተው የቀለም ማቅጠኛ ሸተተን። እኔ ለወንድምነቱ ብዬ አንድ ጉንጭ ቀመስኩ፤ እስከ ማታ ራሴን ሲያዞረኝ ዋለ። ሙሉውን ባልዲ ፍሳሽ በላው።

ለሁለተኛው ባልዲ፣ አንድ ደንበኛ ጥሎት የሄደውን አሮጌ ፍሪጅ አመጣ። ባልዲውን ውስጡ አስቀምጦ የፍሪጁን ሙቀት መለኪያ ሽቦ ከባልዲው ጎን በፕላስተር ለጠፈና በስፖንጅ ሸፈነው። አሁን የሚለካው ቢራውን ነው። ለመፍላት ሁለት ሳምንት፣ ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ ለመያዝ አንድ ሳምንት፤ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ይተርፈዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ እያፏጨ ሲሠራ ሰማሁት።

በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከሆስፒታሉ ተደወለ። አልጋ ተገኝቷልና ቀዶ ሕክምናው ወደ ፊታችን ሰኞ ቀርቧል አሉኝ። ለአባባ ጥሩ ዜና ነው፤ ዕጢ ቀን አይሰጥም። ለበረዶ ስነግረው ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ። ተከተልኩትና ቀድሜ የፍሪጁን በር ተደገፍኩ።

«ዞር በይ፤ ሃያ ስምንት ባደርገው በሦስት ቀን ይጨርሳል።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

«ለቅሜም ቢሆን ላጠጣቸው፣ እቴቴ!»

ክንዴን ጨብጦ ሊያስወግደኝ ሞከረ። ጉልበቱን አውቀዋለሁ፤ ፍሪጅ ብቻውን ተሸክሞ ፎቅ የሚወጣ ሰው ነው። ፈራሁት። «የመጨረሻ የሚቀምሱት ቀለም ማቅጠኛ ይሁን ካልክ በል ክፈተው» አልኩት። እጁ ላላ። ወለሉ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። አንጀቴን በላው። ከዚህ ቤት ቢራ የሚያውቅ አንድ ሰው እንዳለ፣ እሱም ማዶ ክፍል እንደተቀመጠ ነገርኩት። ሂዶ ከመጠየቅ ሞት ይቀለው እንደነበር አውቃለሁ። ሄደ።

አባባ ሲናገሩ ያማቸዋል፤ ስለዚህ ቃል ይቆጥባሉ። ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ጠየቁት። አራተኛ አላቸው። ከዚያ የወሩን ቃል ሁሉ በአንዴ አወጡት።

«ጠረኑ የሚበላሸው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀን ነው። እነሱን በልክ ካሳለፍካቸው አሁን ሁለት ዲግሪ ጨምርለት፤ እንዲጨርስ ይረዳዋል። ከሁለት ካለፍክ ግን ወደኔ እንዳታመጣው።»

መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዞሩ። በረዶ ሁለት ጨመረ። ሦስተኛዋን ለመጨመር እጁ ስንት ጊዜ እንደበላው እኔ ነኝ የማውቀው፤ በየሰበቡ ዕቃ ቤቱን የምጠርገው እሱን ለመጠበቅ ነበር። ሐሙስ ቱቦው በየአሥር ሰከንዱ ቡልቅ ይል ነበር። ዓርብ በየሠላሳው። ቅዳሜ ከሰዓቱ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጠበቀ፤ ከዚያ አንዴ ቡልቅ አለ። ፍላቱ እያለቀ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ለሚገባው ሳምንት ግን ጊዜ የለም።

እሑድ ጠዋት ሆስፒታል ደውዬ ብጠይቅ ነርሷ አንድ ሁለት ጉንጭ ፈቀደች። በረዶ ከባልዲው ቧንቧ ቀድቶ ለአባባ ይዞላቸው ገባ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ድፍርስ ነው፤ አረፋ የሚባል የለውም። ገና ከበሩ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ፤ ጋዝ እንዳልያዘ፣ እንዳልጠራ፣ ቢራ ሊባል እንደማይችል ደረደረ። አባባ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት።

«ያለቀለትን ቢራ የሚጠጣው ገዢ ነው። እኛ ሠላሳ አንድ ዓመት ከጋኑ ሥር የጠጣነው ይሄንን ነው።»

ተጎነጩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ምላሳቸው ላይ አቆዩት። ያ የታመመ ምላስ ሲያቃጥላቸው ግንባራቸው ላይ ይታያል፤ ግን አልዋጡትም። እኔ የያዝኩትን ፎጣ ስጠመዝዝ ቆየሁ። በመጨረሻ ዋጡት።

«ትንሽ ሙዝ ሙዝ ይላል» አሉ። «በመጀመሪያው ቀን ሙቀቱ አልፎብሃል።»

በረዶ አንገቱን ደፋ። የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ሽቦውን እስኪለጥፍ ሃያ አንድ ደርሶ እንደነበር ለእኔም አልነገረኝም ነበር።

አባባ ብርጭቆውን ጨርሰው ዘረጉለት። «ጨምርልኝ።»

በረዶ ወደ ባልዲው ሮጠ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ይኸው ሁለት ወር ሆነ። ጣዕም አልተመለሰላቸውም፤ ንግግራቸውም ገና ነው። ትናንት ሦስተኛው ባልዲ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። አባባ ፍሪጁን አስከፍተው የእጃቸውን ጀርባ ባልዲው ላይ አሳረፉ፤ ቆይተው ራሳቸውን ግራ ቀኝ ነቀነቁ። የመለኪያው ቁጥር አሥራ ስምንት ይላል። በረዶ ቁጥሩን ትቶ ስፖንጁን ዳሰሰ፤ ሽቦው ከባልዲው ተላቆ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል።

«ግድግዳውን ስለካ ነበር፣ አባባ» አላቸው።

ያለ ድምፅ፣ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ።