የአባቴ ድምፅ በአገሩ አይገኝም

ባለፈው ቅዳሜ በጠዋት ከቢቸና ሞጣ የሄድኩት ለገበያ አልነበረም... የአባቴን ድምፅ ፍለጋ ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከፋሲካ ወዲህ ግን ቀኝ ጎናቸው በድን ሆነ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። ሐኪሙ «የሚያውቁትን ነገር ደጋግማችሁ አሰሟቸው። የራሳቸው ድምፅ ቢገኝማ እንዴት ጥሩ ነበር» አለን።

ድምፃቸው ደግሞ አለ! ከዓመታት በፊት አንድ ፈረንጅ ተመራማሪ ሦስት ቀን ቤታችን ተቀምጦ ቅኔያቸውን ቀድቶ ሄዷል። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አገኘሁት። የአባቴ ፎቶ፣ ከሥሩ የቅኔዎቹ ዝርዝር... ስነካው ግን በእንግሊዝኛ «በእርስዎ ሪጅን አይገኝም» ይላል።

ሪጅን ሲል እኔ የኛ ክልል መሰለኝ! አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ደውዬ አስሞከርኳት።

«እዚህም ያው ነው» አለችኝ።

ጨነቀኝ። ሞጣ ኢንተርኔት ቤት ያለው ጓደኛዬ ሰይድ ሕግ በርቀት ይማራል፤ እሱ መላ አያጣም ብዬ ተነሣሁ።

ሰይድ ሁለት ሰዓት ታገለ። ያለንበትን አገር ይደብቃል የተባለ ፕሮግራም ሁሉ ጭኖ ሞከረ... መስመሩ እየተቆረጠ እምቢ አለው። በመጨረሻ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«ወንድሜ፣ ፈረንጁ ቅጂውን ለአንድ ኩባንያ ሰጥቶታል። ኩባንያው አገር እየለየ ነው የሚሸጠው። እኛ ደግሞ ከሚገዙት አገሮች አልተቆጠርንም።»

«ሕግ የለም እንዴ?»

«አውሮፓውያን የንግድ ውድድር ሕግ አላቸው። ገበያውን በአገር እየከፋፈላችሁ አትዝጉ ብሎ ይሟገታል። ለነሱ ሰው ነው ታዲያ... ለቢቸና ማን ይሟገታል?»

«የገዛ አባቴ እኮ ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ለፈረንጁ ጻፍኩለት። ብዙም ሳይቆይ መለሰ፤ «በጣም አዝናለሁ። ውል ፈርሜያለሁ፤ ቅጂውም እጄ ላይ የለም።»

ባዶ እጄን ቢቸና ገባሁ። የአባቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ በምልክት ወረቀት ጠየቁኝ። በግራ እጃቸው ስለሆነ ፊደሉ ተንጋዷል... ቀስ ብለው ጻፉ።

«እኔ ሰጠሁት እንጂ አልሸጥኩለትም።»

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁና አጥሩ ሥር አለቀስኩ።

የአባቴን ቅኔ ስንቱ አገር ይሰማዋል... የተቀዳበት ቤት ሲቀር።