ምን ጎደለሽ?

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ማበጠሪያ» ይላት ነበር። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ዕድሜዋን ሙሉ ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ ማበጠሪያውን ከጆሮዋ በላይ ሰክታ ትረሳውና እንደዚያው ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። ፀጉር ቤቷ ጠባብ ነበር፤ ሁለት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ሲሞቅ የሚያጉረመርም አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ። ሴቱ ግን ለፀጉሩ ብቻ አልነበረም የሚመጣው። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሆዱን ይዘረግፍላታል። እሷም «ውይ!»፣ «እና ምን አልሽው?»፣ «ተይው እባክሽ!» እያለች ትሰማለች። ባሏ የከዳትም፣ ከአማቷ ጋር የተኳረፈችም ከዚያ ወንበር ላይ ቀለል ብሏት ትነሣለች።

ጉልበቷ መቆም እምቢ ሲላት ፀጉር ቤቱን ለአንዲት ወጣት አስረክባ ቤት ገባች። መጀመሪያ ላይ ዕረፍቱን ወዳው ነበር። ከዚያ፣ መቼ እንደጀመረ ራሷም በማታውቀው ሁኔታ፣ ጠዋት መነሣት ከበዳት። ሰውነቷ የረጠበ ብርድ ልብስ ሆነ። ምግቡ ወረቀት ወረቀት አላት። ስልክ ሲጠራ ዓይኗ እያየ ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል።

ባሏ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ክፉ ቃል የማይወጣው ደግ ሰው። ችግሩ፣ ለእሱ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ የሚያፈስበት ቦታ አለው፤ ቦታውን ማግኘት ብቻ ነው። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞረ። ፍራሹን ለወጠ። አምፖሉን በደማቅ ቀየረ። በሩ ሲጢጥ ሲል ይረብሻት ይሆናል ብሎ ማጠፊያውን ዘይት ቀባ። አንዱን በጨረሰ ቁጥር ካቻቢቴውን እንደያዘ ራስጌዋ ይቆምና፣

«አሁንስ?» ይላታል።

«አሁንም እንደዚያው ነኝ።»

«ታዲያ ምን ጎደለሽ?»

ይቺን ጥያቄ ጎረቤቱም፣ እህቷም፣ ዳቦ ሻጯም ጠይቀዋታል። የሚያንገበግባት መልስ የሌላት መሆኑ ነው። ባሏ አለ፤ ልጇ ጥሩ ሥራ ይዛለች፤ ቤቱ አያፈስም። ምን ጎደለኝ ትበል?

ልጇ የምትኖረው ራቅ ብላ ነው። አንድ ቀን ስትመጣ የእናቷ ፀጉር ተቋጥሮ፣ ከኋላ በኩል እንደ ጭድ ተጣብቆ አየች። ደነገጠች። ሌላ ምንም ሳትጠይቅ ጫማ አስጠልቃ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ሐኪሙ ደሟን መርምሮ ምንም አጣበት፤ ብዙ ጠያየቃትና «ድባቴ ነው» አለ። ኪኒን አዘዘላት። ሌላም ነገር አከለ።

«በሳምንት አንድ ቀን በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ሰዎች እዚሁ ተሰብስበው ይነጋገራሉ። አብራቸው የምትሆን የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች። ይግቡ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲያወራ ሰምቼ፣ አሁን ደግሞ ተመዝግቤ ልስማ?» አለች። ልጇ ግን አስመዘገበቻት።

ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። «የሽማግሌ ስብሰባ ፎቅ ላይ ያደረገ ማን ይሆን?» እያለች፣ በየደረጃው እየቆመች ወጣች። ቀድሞ ዕቃ ቤት ነበር መሰል፣ ጥጉ ላይ ክራንችና የተሰበረ ሚዛን ተከምሯል። የፕላስቲክ ወንበሮች ክብ ሠርተዋል። ባለሙያዋ ከልጇም የምታንስ ናት፤ ሴቱን ሁሉ «እማማ»፣ ወንዱን ሁሉ «አባባ» ትላለች።

«ዛሬ እያንዳንዳችን ወደዚህ ያመጣንን ነገር በአጭሩ እንናገር» አለች።

«በአጭሩ» የሚለውን ያልሰሙት መምህሩ ናቸው። ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ሲሆኑ፣ የምራታቸውን ክፋት ከወንዝ ምንጭ እስከ ባሕር መግቢያው ተረኩት። ቀጥላ አንዲት ባልቴት ባሏንም ልጇንም አከታትላ እንደቀበረች ተናገረች። አጠገቧ የተቀመጠው፣ ድሮ የባንክ ጥበቃ የነበረ ረጅም ሰውዬ፣ «ልጄ ላከችኝ» ብሎ አፉን ገጠመ። ተራው ማበጠሪያ ጋ ደረሰ።

«እኔ እንኳ ምንም አልደረሰብኝም» አለች። «ሰው አልሞተብኝም። ልጄ ደህና ናት። ባሌም አለ። ብቻ መነሣት አቃተኝ።»

ባልቴቷ ዞር አለች። «ባልሽ አለ?»

«አለ። ታች እየጠበቀኝ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? እኔ ታች የሚጠብቀኝ ባገኝ እዚህ እውላለሁ?»

ባለሙያዋ ቶሎ ብላ «እዚህ የማንም ሐዘን አይመዘንም» አለች። ትክክል ነበረች፤ ነገር ግን ቃሉ ወጥቷል። ማበጠሪያ የሌላ ሰው ወረፋ የቀማች ያህል አፈረች። ምነው አንድ ነገር በሆንኩ፣ ብላ እስከ መመኘት ደረሰች።

በሚቀጥሉት ሳምንታት የምታውቀውን ሥራ ሠራች፤ ሰማች። መምህሩ ሲያወሩ «ውይ!» ትላለች። ባልቴቷ ስታለቅስ መሐረብ ታቀብላለች፣ «እና ከዚያስ?» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ወንበሩ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ባልቴቷ እንኳ ቂሟን ረስታ አጠገቧ መቀመጥ ጀመረች። ባለሙያዋ ደስ ብሏት፣

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ግሩም አድማጭ ነዎት!» አለቻት።

ብትሰድባት ይሻላት ነበር። የሰው ጣጣ ተሸክማ፣ ራሷን እየወቀራት ትወርዳለች። ታች ባሏ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«እህስ? ተሻለሽ?»

«የመምህሩ ምራት ብሳባቸዋል። የባልቴቷ ደም ግፊት ከፍ ብሏል። የእኔ ወረፋው አልደረሰም።»

አንድ ቀን ግን ቀልዱም አለቀባት። ገና ከደረጃው ሳትወርድ «ዛሬስ ተሻለሽ?» ሲላት ሰው በተሞላ ግቢ መሐል ጮኸች፤ «እኔ ቧንቧ አይደለሁም! ተወኝ!»

ሰው ዞር ዞር አለ። ባሏ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ቆቡን አድርጎ ጎን ጎኗን ሄደ። ቤት ሲገቡ ሳህን አጠበ። እሷም ግድግዳውን እያየች ራሷን ረገመች፤ መታመሟ ሳያንስ አሁን ክፉም ሆነች።

በዚያው ሰሞን ባለሙያዋ የቤት ሥራ ሰጠች። ድሮ ደስ ይለን ከነበረው ነገር አንዲት ትንሽ መርጠን እንሥራ፣ ስሜት እስኪመጣ አንጠብቅ፣ አለች። ማበጠሪያ «ምንም አያምረኝም» አለች። ባልቴቷ ሻሿን ፈታችና፣ «የእኔን ፀጉር ሥሪልኝ፤ ባሌ ከሞተ መቀስ አልነካውም» አለች። ክፍሉ በደስታ ሞላ። መምህሩ አጨበጨቡ። ባለሙያዋ «ግሩም ሐሳብ!» አለች። ማን እምቢ ይላል? ባልቴቷ ቤት ሄደች። አጠበች፣ ቆረጠች፣ በቢጉዲን ጠቀለለች። እጇ ምንም አልረሳም ነበር። ባልቴቷ በመስታወት ራሷን አይታ በአሥር ዓመት አነስኩ ብላ ሳቀች።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሁሉም ባልቴቷን አደነቀ። ከዚያ ወደ ማበጠሪያ ዞሩ።

«እና እማማ፣ እንዴት ነበር? ምን ተሰማዎት?»

ጥሩ ነበር ልትል አፏን ከፈተች። አልወጣም።

«ምንም!» አለች፤ ድምፅዋ ራሷንም አስደነገጣት። «ቆረጥኩላት፣ አማረባት፣ ሳቀች፤ እኔ ምንም አልተሰማኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የምወደው ሥራ ነው! ወንበር የጠራረግኩ ያህል እንኳ ደስ አላለኝም። ሁላችሁም እዚህ የምታለቅሱለት ነገር አላችሁ። እኔ ማልቀስም አልችል! ግሩም አድማጭ ነሽ ትሉኛላችሁ፤ ማን እኔን ጠየቀ? እዚህም ፀጉር ቤት ከፈታችሁብኝ እኮ!»

ባልቴቷ እጇን ፀጉሯ ላይ አድርጋ ቀረች። ያን ጊዜ፣ «ልጄ ላከችኝ» ካለ ወዲህ ከሰላምታ ሌላ ቃል ያልወጣው ጥበቃው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ ወለደች» አለ። ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም። «የመጀመሪያ የልጅ ልጄ። ጭኔ ላይ አስቀመጡት፤ ሁሉም እኔን ያያል፤ ደስ ይበለው ብለው ይጠብቃሉ። እኔ እንደ ዕቃ ያዝኩት። እንዳይወድቅ ብቻ። ሰው አይደለሁም ማለት ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

«ይሄውልህ ወንድሜ» ብለው መምህሩ ቀጠሉ፣ «ዋናው ነገር ሰው በጎ በጎውን ሲያስብ…»

«ጋሼ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ!» አለች ማበጠሪያ።

ባለሙያዋም ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ወደ መምህሩ ዘርግታ «ቆይ አባባ፣ አንዴ» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ደስታ ማጣት የበሽታው አካል እንጂ የልብ ክፋት እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ይህን በፊትም ብላው ነበር። ጥበቃው ግን አሁን ገና የሰማው ይመስል «እውነት?» አላት።

ወደ ቤት ሲሄዱ ማበጠሪያ መንገድ ላይ ቆመች።

«ስማኝ» አለችው ባሏን። «አንተ ስትደክምልኝ እንኳ ምንም አይሰማኝም። ስለጠላሁህ አይደለም።»

ሊጠይቃት አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ቆቡን አውልቆ፣

«እኔ ደግሞ የሆነ ነገር ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር» አለ።

ማበጠሪያ ይህን ፈጽሞ አስባው አታውቅም። ክንዱን ያዘችና ሄዱ።

ነገሩ ገና አሁን መስመር ያዘ ሲባል የስብሰባው ዙር አለቀ ተባለ። እንዴት አለቀ? ማበጠሪያና ባልቴቷ ተያይዘው አስተዳዳሪው ቢሮ ገቡ። ሰውዬው ከኮምፒውተሩ ዓይኑን ሳያነሣ፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሌሎች አሉ፣ እናንተ ጨርሳችኋል፣ አላቸው።

«ምኑን ነው የጨረስነው?» አለች ማበጠሪያ።

«መርሐ ግብሩን።»

ኮሪደሩ ላይ ባለሙያዋን አገኟት። ዓይኗ ቀልቷል። «እኔም ተናድጃለሁ» አለቻቸው በሹክሹክታ። «ብዙ ለመንኩ። በወር አንድ ጊዜ ተፈቅዷል፤ እሱም ክፍሉ ባዶ ከሆነ ነው።»

የመጀመሪያው ወር ክፍሉ ለሥልጠና ተይዞ ደረሱ። ላቦራቶሪው ደጃፍ አግዳሚ ላይ፣ ሽንት በብልቃጥ ይዞ ከሚያልፍ ሰው ጋር እየተጋፉ ተቀመጡ። መምህሩ መጥተዋል፤ ባልቴቷም። ጥበቃው ቀረ። ሲደወልለት ልጁ አንሥታ «ከአልጋ አልነሣም አለ» አለች። ማበጠሪያ ስልኩን ተቀበለች። ተነሣ አላለችውም፤ ሰው እንዲህ ሲላት ምን እንደሚያናድዳት ታውቃለች።

«እኔም ዛሬ በግድ ነው የመጣሁት» አለችው። «ክፍሉንም ዘግተውብን ኮሪደር ላይ ነን። አላመለጠህም።»

«መምህሩ እያወሩ ነው?» አለ ጥበቃው።

«ምን ያቆማቸዋል?»

አሁን እንዴት ናት ቢባል፣ ድናለች ማለት ውሸት ነው። ኪኒኗን ትውጣለች። ጠዋቱ ያው ከባድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ አንዳንዴ ይቀላል። ወጡ ጨው እንደበዛበት ታውቃለች፤ ያኔ ሲብስባት ይህም አይታወቃትም ነበር። በሌላኛው ወር ክፍሉ በድጋሚ ተቆልፎ ጠበቃቸውና ቤት እንደገባች ልጇ ደወለች።

«እማዬ! ድምፅሽ ዛሬ ጥሩ ነው።»

«ተናድጄ ነው።»

«በምን?»

«ሰዓት አለሽ?»

«አለኝ።»

ማበጠሪያ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠችና ከአስተዳዳሪው ጀመረች።