አፍ የሌለው ባንድ

ባንዳችን ዘፋኝ ያልነበረው አዲስ ነገር እንፍጠር ብለን አይደለም። አባቴ ስለከለከሉ ነው። አሁን ጎረምሶቹ "ያለ ዘፋኝ ሮክ ያመጣችሁልን እናንተ ናችሁ" ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ እሰማቸዋለሁ እንጂ እውነቱ ይኸው ነው።

ሞላሌ የምናስተምር አራት መምህራን ነበርን። የእንግሊዝኛው መምህር በፍላሽ ይዞት የመጣውን የፈረንጅ ሮክ ሰምተን አበድን። እሱ ቤዝ፣ የስፖርቱ ድራም፣ የሒሳቡ ኪቦርድ፣ እኔ ጊታር ያዝን። ስፒከራችን ተቀዶ ስለነበር ጊታሬ ገና ሲነካ ያጓራል፤ እኛ ደግሞ ሮክ ማለት እሱ ነው ብለን ኮራን። የምዘፍነውም እኔ ነበርኩ። ድምፄ፣ አልዋሽም፣ ደህና ነበር።

ወሬው ቀየት ከሚባለው ስፍራ አጠገብ ካለው መንደራችን ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። አባቴ ገብስ አራሽ፣ የደብሩም ሽማግሌ ናቸው። "መምህር ይሆናል ብዬ ባስተምር አዝማሪ ወጣልኝ" ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱልኝም። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ለእናቴ "ለዚያ ሰውዬ እራት ስጪው" ይላሉ። ውይ! እንደዚያ ያንገበገበኝ ነገር የለም።

ታዲያ እህቴ ልትዳር ሆነ። "ወንድሜ ካልተጫወተ አልዳርም!" ብላ ድርቅ አለች። ሽማግሌ ገባ። አባቴ በመጨረሻ በእናቴ በኩል ላኩብኝ፤ "መሣሪያውን ይምታ። በእኔ ዳስ ግን ልጄ አፉን ከፍቶ አይዘፍንም።" እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት "ልጄ" ማለታቸውን ብቻ ነው። እንኳን አፍህን፣ እግርህንም እሰር ቢሉኝ እሺ እል ነበር። ያን ቀን ካላሳፈርኳቸው ያናግሩኛል ብዬ ተስፋዬን ሁሉ እዚያ ላይ ጣልኩ።

የሠርጉ ቀን ዳሱ ጢም ብሏል። ጀመርን። ሽማግሌዎቹ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ጠላቸውን ይዘው፣ በጨዋ ደንብ ዝም ብለው ያዩናል። አንዱን ዜማ ጨረስን፤ ዝም። ሁለተኛውን ጨረስን፤ ዝም። ሦስተኛው ላይ አክስቴ ጠጋ አሉና "ልጆቼ፣ ቃኝታችሁ ስትጨርሱ ንገሩን፤ ሰዉ እየጠበቀ ነው" አሉን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ክር ስናጠብቅና ስናላላ የቆየን መስሏቸው ኖሯል። አባቴን ቀና ብዬ ብፈልግ የሉም፤ ከዳሱ ወጥተዋል። አለቀልኝ አልኩ።

ያኔ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው ጭራቸውን ወዝወዝ አደረጉና "ተቀበል!" አሉ። ተቀበል የተባለ አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም በዜማ መመለስ አለበት፤ ዝም ማለት ነውር ነው። እሳቸውም ቀጠሉ፤

ድግሱም አማረ፣ ዳሱም ሞላ በሰው፣
እጃችሁ ሲናገር አፍን ማን ከሰሰው?

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። አፌ ሊከፈት ለትንሽ ተረፈ። ግን የአባቴ ቃል አለብኝ፤ በጊታሬ ተቀበልኩ። ድምፃቸው ከፍ ያለበት ከፍ፣ ዝቅ ያለበት ዝቅ እያልኩ ግጥሙን ቃል በቃል መለስኩት። ከዚያ እልልታው ቀለጠ፤ ሽማግሌውም ለሳቁት ሁሉ "ሰማችሁት? አለው እኮ!" እያሉ ዞሩ። ግጥም የሚሰጠው ሰው እስኪመሽ አላለቀም።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለን! ከየዜማው መሃል ለሰው ግጥም ባዶ ቦታ መተው ጀመርን። መሣሪያችንን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭነን፣ አቧራ እየጠጣን እስከ ዓለም ከተማ ወረድን። የኛን አይተው ያለ ዘፋኝ የተነሡት ባንዶች ዛሬም መሃል ላይ ቆም ይላሉ፤ ሰው ግጥሙን ይሰጣል፤ ጊታሩ ይቀበላል። እንዲህ ሲያደርጉ ባየሁ ቁጥር ያ ጊዜ ይናፍቀኛል፤ እነዚያ ሦስት ጓደኞቼ ይናፍቁኛል፤ ያ የተቀደደ ስፒከር እንኳ ይናፍቀኛል።

አባቴ? አፌን አለመክፈቴን ሰምተው ኖሮ፣ በሠርጉ ማግስት "ተነሥ፣ በሬዎቹን አውጣ" አሉኝ። ሦስት ቃል ናት። በሬዎቹን እያለቀስኩ አወጣኋቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ዝናቡም ስለ ዘመዱም ያወሩኛል፤ ስለ ሙዚቃው ግን አንዴም አንሥተው አያውቁም። እኔም ያስቀየምኳቸው እንደሆነ ደግሞ ዝም ይሉኛል ብዬ አፌን ለዘፈን ከፍቼ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ "ድምፅ የለኝም" እላለሁ።

ዘንድሮ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጆሯቸው ደክሟል። ደጅ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ድንገት፣

"ያኔ ድምፅህ ሸጋ ነበር አሉ። እኔ ሰምቼው አላውቅም" አሉኝ።

ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብዬ ጮህኩ፤ "እርስዎ እኮ ነዎት አባዬ የከለከሉኝ!"

"የእህትህ ሠርግ ላይ ነዋ! ዕድሜ ልክህን ማን አለህ?"

ስንት ዓመት! ልናደድባቸውም ፈለግሁ፤ ልስቅም ፈለግሁ።

"በል እስቲ ዝፈን" አሉ።

ዘፈንኩ። ድምፄ ሻክሯል፤ ቶሎ ቶሎ ይሰበራል። አባቴ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው አንገታቸውን ወደ አፌ አስጠጉ። ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አልተሰማኝም፤ ድገመው።"

እንባዬ እየቀደመኝ፣ የቻልኩትን ያህል ጮኼ ደገምኩት። አሁንም አልተሰማቸውም።