መሸኛ ከተቃጠለ ቀበሌ

ጫልቱ በጓሮ በኩል ስትመጣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። እማዬ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ በቆሎ ትፈለፍላለች። ጫልቱ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ናት፤ ሰላምታዋ ከብቱን፣ ልጁን፣ እህሉን ሁሉ ካልዳሰሰ አያልቅም። ያን ቀን ግን ምንም አልጠየቀችም። «ዛሬ እዚህ አትደሩ» አለች በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ። ማን ነገረሽ አላልኳትም። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ሲቃጠል ጭሱን አብረን ቆመን አይተነዋል። እማዬ የፈለፈለችውን ማዳበሪያ ውስጥ ጨምራ አፉን አሰረች፤ ነገ ወስዳ የምታስፈጨው ይመስል። ከዚያ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ይህን የምጽፈው ለሰፈሬ ሰዎች ነው። ከፊላችሁ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ናችሁ፣ ከፊላችሁ እዚያው ቀርታችኋል፣ ሌሎቻችሁ የት እንደወደቃችሁ አላውቅም። ደግሞም እንደ እኔ አዲስ አበባ ዙሪያ አንድ ክፍል ተከራይታችሁ፣ ሰው «የት ሀገር ናችሁ» ሲላችሁ መልሱ ለሚጠፋችሁ ነው።

የጫልቱ ባል በበቆሎው መሀል አሻግሮ ወንድሙ ቤት አሳደረን፤ ሲነጋ እህል የጫነ አይሱዙ ላይ አሳፈረን። እኔ ወለጋ ተወልጄ ወለጋ ያደግኩ ነኝ፣ ኦሮምኛዬ ከማንም አይለይም። የእማዬ ግን ዛሬም ወሎ ወሎ ይላል። ስለዚህ በየኬላው «እናቴ ጆሮዋ አይሰማም» እያልኩ መጣን። አንዱ ኬላ ላይ መሣሪያ የያዘው ሰው አዘነላት መሰለኝ፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ሥር በትልቅ ድምፅ «አይዞሽ እናቴ» አላት። እማዬ አልሰማችውም።

ለማታውቁን ልንገራችሁ። አባቴና እናቴ ወሎ ነው የተወለዱት። በዚያ በድርቁ ጊዜ መንግሥት ሰውን በመኪና እየጫነ ወለጋ ሲያሰፍር፣ እነሱ አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ። ጫካውን መንጥሩ ተባሉ፣ መነጠሩ። እኔ እዚያ ተወለድኩ፣ አባቴም እዚያ ተቀበረ። አሁን «ሀገራችሁ ግቡ» ሲሉን የትኛውን እንደሆነ አይነግሩንም። ወሎን እኔ ያየሁት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በተሳለ ካርታ ነው።

መጀመሪያ ያረፍነው ሰበታ፣ የአባቴ የአጎት ልጅ ቤት ነው። እንግድነት ሲረዝም ፊት ይጠቁራልና ቤት ፍለጋ ወጣሁ። አንዷ አከራይ ስሜን ጠየቀችኝ፤ ዘነቡ ስላት ክፍሉን ሌላ ሰው እንደያዘው ትዝ አላት። ሌላዋ ደግሞ ቁልፉን ልትሰጠኝ ስትል ጫልቱ ደወለችልኝ፤ በኦሮምኛ ሳወራ ሰማችና እሷም ለካ ለእህቷ ልጅ ቃል ገብታ ኖሯል። በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንዷ ዘንድ አማራ፣ በሌላዋ ዘንድ ኦሮሞ ሆኜ ሁለት ቤት አጣሁ። ሱሉልታም ሄጄ ነበር፤ ብርዱ እማዬን አይምርልኝም ብዬ ተመለስኩ።

ቡራዩ ያገኘሁት ቤት የኦቦ ቶላ ነው። ሰባን ያለፉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውም እንደ ሰው ሁሉ «ቢይ ኬ ኤሳ?» አሉኝ፤ ሀገርሽ የት ነው ማለታቸው ነው። መዋሸት ደክሞኝ ስለነበር ከወሎው መኪና ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«አባትሽን ሲያመጡት የዚያን ሀገር ሰው ጠይቀው ነበር?» አሉኝ።

«አልጠየቁም ኦቦ» አልኳቸው። «አባቴንም አልጠየቁትም።»

ተነሡና ከግቢው ጥግ ያለችውን ክፍል ከፈቱልኝ። አጥራቸው ላይ ልብስ እንዳላሰጣም አስጠነቀቁኝ። እስከ ዛሬም አይፈቅዱልኝም።

እኔ አሁን ብሎኬት የሚመረትበት ግቢ ነው የምሠራው፤ የደረቀውን ብሎኬት ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣለሁ። እጄን ብታዩት አታውቁትም። እዚህ አቮካዶ በሚዛን ነው የሚሸጠው። እኛ ጓሮ ወድቆ የዱር አሳማ ሲበላው የኖረውን፣ እማዬ አንዱን ገዝቼላት ስትቆርጠው እንደ ሽንኩርት አሳሳችው። ጭቃው ጥቁር ነው፣ ከጫማ አይለቅም። ሰው ቸኩሎ «ሰላም ነው?» ይላችኋል፣ መልሱን ሳይሰማ ታክሲ ውስጥ ገብቷል።

ኦቦ ቶላ እሑድ እሑድ በረንዳቸው ላይ ሲቀመጡ ያወጉኛል። አያታቸው በተወለዱበት መሬት ላይ ጭሰኛ ነበሩ፤ መሬቱን ንጉሡ ለአንድ የጦር ሹም ሰጥተውት፣ ካረሱት ላይ ለሹሙ ቤት ይገብሩ ነበር። ደርግ መጣና መሬቱ ለአራሹ ሆነ፤ አባታቸው ለራሳቸው አርሰው ሞቱ። ከዚያ ከተማው መጣ። ጤፍ ይዘሩበት የነበረው አሁን ከመንገዱ ማዶ ፎቅ ነው፤ የቀራቸው ይህ ግቢ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ሲያወሩ አይቆጡም፤ ሰው የድሮ ሕመሙን እንደሚያወራ ነው የሚያወሩት።

በኋላ ተከራይ ሁሉ ይመዝገብ ተባለ፤ መታወቂያ የሌለው ግቢውን እንዲለቅ። ቀበሌ ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ልጅ እግር ሰው ቀና ብሎም አላየኝም።

«ከነበርሽበት ቀበሌ መሸኛ አምጪ።»

«የቀበሌው ቢሮ ተቃጥሏል» አልኩት።

«መቃጠሉን የሚገልጽ ማስረጃ አምጪ።»

«ከማን?»

«ከቀበሌው ነዋ።»

አልሳቅኩም። እሱም የምሩን ነበር። ወጥቼ ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩ። እማዬን ይዤ ደግሞ ወዴት እንደምሄድ ሳስብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ከቤት ስንወጣ ያላለቀስኩት እዚያ ወጣልኝ።

ለኦቦ ቶላ ልነግራቸው አላሰብኩም ነበር፤ የነገረቻቸው እማዬ ናት። በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ቀበሌው ቀደሙኝ። ሰውየው ለእሳቸው ተነሣላቸው፣ ወንበርም ሰጣቸው። ስለ እኔ ሊመሰክሩ እንደመጡ ሲነግሩት ዝምድናችን ምን እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ሁለታችንም ከመሬታችን የተነሣን ነን» አሉት።

«አይ ኦቦ፣ እሷ ተፈናቃይ ናት። እርስዎ የልማት ተነሺ ነዎት። የሚመለከታችሁ ቢሮ ለየቅል ነው።»

ኦቦ ቶላ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቆሙ። «ልጄ» አሉት፣ «እኔ እዚህ ስወለድ ይህ ቢሮ አልነበረም። የምትጽፈውን ጻፍና ልፈርም። ሌላ መሄጃ የላቸውም።»

ጻፈ፤ ፈረሙ። ያገኘሁት በየጊዜው የሚታደስ ጊዜያዊ ወረቀት ነው። ስንመለስ ኦቦ ቶላ ከዘራቸውን ተደግፈው ከፊቴ ሄዱ። አመሰግናለሁ ስላቸው በእጃቸው ተዪው አሉኝ። ደክሟቸው ነበር።

ባለፈው እሑድ ጫልቱ ደወለች። ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ወጥታ ነው፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ እህሉ ተራ በተራ ተጠያየቅን።

«ቤታችሁ ሰው ገብቶበታል» አለችኝ።

እንደ እሷው ኦሮሞ የሆነች ሴት ናት፤ ከወንዙ ማዶ ቤቷ ተቃጥሎባት ሦስት ልጆች ይዛ የመጣች። ጫልቱ «ውጪ ልበላት?» ብላ ጠየቀችኝ። ልቤ «አዎ» አለ፣ አልዋሻችሁም። አልጋችን ላይ የሚተኙት ልጆች ታዩኝ።

«ከምድጃው በላይ ያለው ቆርቆሮ ያፈሳል» አልኳት በመጨረሻ። «ንገሪያት፣ ዝናቡ ሳይጠነክር ታስመታው።»

እማዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ስለ አባቴ መቃብር ጠየቀች፤ ጫልቱ አረሙን ነቅላለት ነበር። ጫልቱ መቼ እንደምንመለስ ሳትጠይቃት አልቀረችም፤ እማዬ ወደ ውጭ፣ ቆርቆሮው ላይ ወደሚወርደው ዝናብ አየች።

«ክረምቱ ሲወጣ» አለቻት።

የትኛው ክረምት እንደሆነ አልነገረቻትም። ጫልቱም አልጠየቀቻትም።