አድራሻችን፦ አየር ጤና

«አየር ጤና ታክሲ ተራው ጋ ቆሜያለሁ፤ ቤታችሁ በየት በኩል ነው?» አለችኝ ሴትየዋ በስልክ። እኔ ሰበታ፣ በአባቴ ወርክሾፕ ውስጥ፣ መጥረጊያ ይዤ ቆሜያለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አባቴ የወንበርና የጠረጴዛ አናጺ ነው። የቴሌግራም ቻናል የከፈትኩለት እኔ፣ አድራሻው ላይ «አዲስ አበባ፣ አየር ጤና» ብዬ የጻፍኩትም እኔ። የአዲስ አበባ ሰው ሰበታ የሚል ቃል ካየ ፎቶውን እንኳ ሳይከፍት ያልፋል ብዬ ፈራሁ። ከአየር ጤና እኛ ጋ በታክሲ ይመጣል፣ ይኼ ደግሞ ውሸት አይባልም እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ፎቶ ሳነሳም የጭቃ ግድግዳችን እንዳይታይ ከኋላ ነጭ መጋረጃ ሰቀልኩ። አባቴ «ወንበሩን ልትድሪው ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። አድራሻውን ግን አላነበብኩለትም።

ሴትየዋ ለምትከፍተው የእንግዳ ማረፊያ አርባ ወንበር ትፈልጋለች። ሥራ ከጠፋ ወራት አልፈው ስለነበር አባቴ ከሰኞ ጀምሮ እዚሁ ሰበታ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ጥበቃ ሊሆን ቃል ሰጥቷል። የደንብ ልብሱ ከመጋዙ አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ዕለቱ ሐሙስ ነው። ትእዛዙ ከተገኘ ልብሱ ይመለሳል፣ ካልተገኘ ሠላሳ ዓመት እንጨት የላገ ሰው በር ከፋች ይሆናል።

«ትንሽ ወጣ ይላል» አልኳት።

«ምን ያህል?»

«ዓለም ገናን አልፎ... ሰበታ ነው።»

በስልኩ ውስጥ የታክሲ ረዳት ጩኸት ይሰማኛል።

«ሰበታ ከሆናችሁ ሰበታ ነን አትሉም?» ብላ ዘጋችው።

ትምጣ ትቅር አላወቅኩም። የተጠረገውን ደግሜ ጠረግኩ፣ መጋረጃውን መልሼ ሰቀልኩ። መኪና ባለፈ ቁጥር በሩ ላይ ብቅ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከመቅረቷ ይልቅ መጥታ ለአባቴ መንገሯን ነው የፈራሁት። አባቴ ወንበሩን ከላይ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ከስር ግን አይቀባም። ቀለም ከተቀባ ባሕር ዛፉም ዋንዛ ይመስላል፤ «ገዢ ገልብጦ ይይ፣ የወንበር እውነቱ ሆዱ ላይ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ያላለቀ እንዳይመስል ብዬ ሆዱን አንድም ቀን ፎቶ አንስቼ አላውቅም።

መጣች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

«አካም ጅርቱ! እንደምን አሉ! ይግቡ፣ ይግቡ» አለ አባቴ። «መንገዱ አስቸገረዎት እንዴ?»

ሴትየዋ እኔን አየችኝ።

«ትንሽ ዞርኩ» አለችው። ሌላ አልጨመረችም። ልስማትም፣ ከፊቷ ልጠፋም ፈለግኩ።

መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ግድግዳውን አየችና ለቀቀችው። አባቴ አንዱን ወንበር አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠላት። ሴትየዋ ያልተቀባውን እንጨት በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገች፣ እግሮቹንም አንድ በአንድ ነቀነቀች። አልተነቃነቁም። አባቴ ሌላ ሊያሳያት ወደ ጓሮ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንበሩ ዋንዛ ነው። ግን እኔ በመጀመሪያ ያየሁት ወንበሩን አይደለም፣ የአንቺን ጽሑፍ ነው። ጽሑፍሽ ከዋሸ የቀረውን በምን ልመን?»

መጥረጊያውን አስቀምጬ ስልኬን አነሳሁ።

«አሁኑኑ አስተካክይው። እያየሁሽ።»

«አዲስ አበባ፣ አየር ጤና» የሚለውን አጥፍቼ ሰበታ ብዬ ጻፍኩ። በራሷ ስልክ ከፍታ አረጋገጠች። አባቴ ሲመለስ «ለጊዜው አራት ይሥሩልኝ፤ የቀረውን እነሱን ካየሁ በኋላ እንነጋገራለን» አለችውና ተሰናብታ ሄደች።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሸኛት። ከዚያ ተመልሶ ያንኑ ወንበር ገለበጠ፤ መጋጠሚያዎቹን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ መረመረ።

«አርባ አላለችም ነበር?» አለኝ።

«ብላ ነበር።»

«ታዲያ ምን አይታበት ነው?» ዓይኑን ከወንበሩ አላነሳም። መነጽሩን አጥልቆ እንደገና ከአንደኛው እግር ጀመረ። ወንበሩ ላይ የሌለ ጥፋት ሲፈልግ ቆሜ ማየት አቃተኝ።

«ወንበሩ ምንም የለበትም፣ አባዬ» አልኩትና ሁሉንም ነገርኩት።

እስክጨርስ ሰማኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ያፈርሽው በሰበታ ነው ወይስ በእኔ?» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት የደንብ ልብሱን ለብሶ ሲወጣ ለጥያቄው ገና አልመለስኩለትም ነበር።