በየጠዋቱ የምትገፋው መኪና

ሰሞኑን ኮዬ ፈጬ ልጄ ቤት ነው ያለሁት፤ አራተኛ ፎቅ። ጎህ ሲቀድ ከታች፣ ከመኪና ማቆሚያው የሚመጣ አንድ ድምፅ ይቀሰቅሰኛል፤ እንክ… እንክ… እንክ ይልና እንደ ታመመ ሰው አቃስቶ ጸጥ ይላል። የልጄ ባል መኪና ናት። ባትሪዋ እየወረደ አስቸግሮታል። ኮፈኑን ይከፍታል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከመካኒክ ጋር ይጨቃጨቃል፣ መጨረሻ ላይ ጎማዋን በእግሩ ይላታል። እኔ በረንዳው ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ቁልቁል ሳየው ሳቄ ያመልጠኛል።

«እማማ፣ ደግሞ ምን ያስቅዎታል?» ይለኛል ቀና ብሎ፣ ኩርፍ እያለ።

ምን ልበለው? ያ ድምፅ እኔን ከአራተኛ ፎቅ አንስቶ አቃቂ፣ ከሐዲዱ በላይ ካለው ግቢያችን ነው የሚያወርደኝ።

አባዬ ክር ፋብሪካ ነበር የሚሠራው፤ የሌሊት ፈረቃ። ጠዋት ሲገባ የጥጥ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ተኝቶ፣ በአንድ ሌሊት ያረጀ ሰው መስሎ ነው የሚገባው፤ እኛ ልጆቹ እንስቃለን፣ እሱ ግን ያስላል። ሳሉ ሲብስበት ከፋብሪካው ወጣና ያለ የሌለውን አሟጦ አንዲት ትንሽ የጣሊያን መኪና ገዛ። ሰማያዊና ነጭ ቀብቶ ታክሲ አደረጋት። አሮጊት ናት፤ ወፈር ያለች ሴት ከኋላ ከተቀመጠች አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀና የምታደርግ ዓይነት። ለእኛ ግን ንግሥት ነበረች። እማዬ እንኳ በፊቷ ስታልፍ ነጠላዋን ታስተካክል ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ንግሥቲቱ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለች። ቀን እንደ ልቧ ስትሮጥ ትውልና፣ አመሻሽ ላይ ደህና ገብታ፣ ሲነጋ ሞታ ትገኛለች። አባዬ ቁልፉን ሲያዞር እንክ… እንክ… ጭጭ። ከዚያ ግፊያ ነው። ከሌሊት ፈረቃ የሚመለሱት የፋብሪካ ሰዎች፣ የድሮ ጓደኞቹ፣ ድካማቸውን ረስተው «ሆ!» እያሉ ይገፏታል፤ አንዱ ደግሞ «አንተ፣ እዚያ ማሽን ነበር የምንገፋው፣ አሁን ያንተን አመጣህብን! ለቦታህ ሰው አልተገኘም አሉ፣ ምነው ብትመለስ?» ይለዋል። ሁሉም ይስቃል። አባዬ ግን አይስቅም፤ ይህችው መኪና ከቀረች ወደዚያ ብናኝ ነው የሚመለሰው፣ ደረቱ ደግሞ ከእንግዲህ እንደማይችለው ያውቃል። እኛም እናውቅ ነበር። ተሳፋሪዎቹም፣ ለታክሲ ከፍሎ መግፋት ምን የሚሉት ነው እያሉ ወደ ሌላ መሄድ ጀመሩ።

ተካ ተጠራ። ተካ የሰፈሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሲናገር ሐኪም፣ ሲበላ ደግሞ ሦስት ሰው። መጀመሪያ የባትሪውን ራስ አየና «ይኸው፣ ሻግቷል» ብሎ ያንን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር በፈላ ውኃ አጠበው። በማግስቱ ግፊያ። «እንግዲያው ውኃው ጎድሏል» አለና ሞላው። በማግስቱ ግፊያ። «ዲናሞው አይሞላም» ብሎ ዲናሞውን ፈትቶ ገጠመው፤ ሁለት ብሎን ተረፈው፣ ግድ የለም ብሎ ኪሱ ከተተ። በማግስቱ ያው ግፊያ። በመጨረሻ ከወፍጮ ቤቱ ሰውዬ መኪና ደህና ባትሪ ተውሶ አሰረላት። እሱም አደረና ሞተ። ያን ጊዜ ተካ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣

«ባትሪው ጤነኛ ነው። ሌሊት ሌሊት የሚጠጣው አለ!» አለ።

እማዬ ይህን ስትሰማ ምሳሌ አልመሰላትም። የሚጠጣ ካለ ያው ማን እንደሆነ ይታወቃላ! ጠበል አስመጥታ ከኮፈን እስከ ጎማ ረጨቻት፤ ከዚያ አያታችን ፊት ቀርባ፣ «አባባ፣ እባክዎ ይበርቱልን። ለዚህች መኪና አጥብቀው ይጸልዩልን» አለቻቸው።

አባባ የአባዬ አባት ናቸው። ዘመናቸውን ሁሉ የባቡር ሐዲድ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከዶሮ በፊት የሚነሱ፣ ዳዊት ሳይደግሙ ውኃ የማይቀምሱ ሰው። እኔ ሕፃኑን ወንድሜን እንድይዝ ተብሎ ትምህርት ቤት ስላልተላክሁ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። «እሺ ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ እጥፍ ነው የምጸልይላት» አሉ። እጥፍም ጸለዩላት። መኪናዋ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጭራሽ ባሰባት፤ እንክ ማለቱንም ተወችው።

አባዬ ዓርብ ዕለት ራት ላይ፣ እንጀራውን ሳይነካ፣ «ነገ ካልተነሳች እሸጣታለሁ» አለ። ከራት በኋላ ተካ መጥቶ የባትሪውን ገመድ ከራሱ ላይ ፈታና፣ «ተፈቶ ይደር። ጠዋት መልሰህ አስረህ ሞክር። ከተነሳች የሚጠጣው እዚሁ መኪናዋ ውስጥ ነው፣ ካልተነሳች እኔም ሙያውን እተዋለሁ» ብሎ ሄደ።

ጠዋት ሁላችንም በር ላይ ቆመናል፤ እኔ ሕፃኑን አዝዬ፣ እማዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። አባዬ ገመዱን አሰረ፣ ገባ፣ አማተበ፣ ቁልፉን አዞረ። ገና ሲነካት ብድግ! እማዬ እልል አለች፣ ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ፣ ተካም ከየት እንደመጣ እንጃ ግቢው መሐል ተገኘ። ሁሉም ሲስቅ አባባ ብቻ ከቤቱ ጥግ፣ ዳዊታቸውን በብብታቸው እንደያዙ፣ ቅር ብሏቸው መጡ።

«ተነሳች እንዴ?» አሉ።

«ተነሳች አባባ! ጸሎትዎ ሰመረ!» አለች እማዬ።

«የምን ጸሎት? ዛሬ እኮ አልጸለይኩላትም። መብራቱ እምቢ አለኝ።»

አባዬ ሞተሩን አጠፋ። «የቱ መብራት?»

«የእሷ ነዋ!»

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የጧፉ ብርሃን አያሳያቸውም፣ ደግሞም ነፋሱ ያጠፋባቸዋል። ቤት ውስጥ አምፖል ቢያበሩ በአንድ ክፍል የተኛነውን ሁሉ መቀስቀስ ነው። መኪናዋ ደግሞ ጓሮ፣ አፍንጫዋን ወደ ምሥራቅ አዙራ ነው የምታድረው። እናም አባባ ሁሌ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥተው፣ የፊት መብራቷን አብርተው፣ ጀርባቸውን ለእሷ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ይቆማሉ፤ ብርሃኑ በትከሻቸው ላይ አልፎ መጽሐፉ ላይ ይወድቃል። «እንደ ቀን ነው የሚያሳየኝ» አሉ። እማዬ አደራ ካለቻቸው ወዲህ ደግሞ እጥፍ ሰዓት።

ተካ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። አባባ የሚያስቀው አልገባቸውም፤ አባዬን እያዩ፣ «ቤንዚኑ እንዳይባክንብህ ብዬ ሞተሯን ንክች አድርጌ አላውቅም እኮ» አሉት፣ ተጠንቃቂነታቸው እንዲታወቅላቸው።

ነገሩ ሲብራራላቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። መብራቱ ባትሪውን እንደሚጠጣ ማወቃቸው አልነበረም ያሳዘናቸው። «ስጸልይላት ትሞታለች፣ ስተዋት ትነሳለች ማለት ነው?» አሉና ገብተው ተጋደሙ። እሑድም ሰኞም ዳዊቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ዋለ። መኪናዋ ገና ሲነኳት ትነሳለች፤ ቤታችን ግን እንደ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ማክሰኞ ማታ አባዬ መኪናዋን ጓሮ አላስገባትም። ከግቢው ውጭ፣ ዳገቱ አናት ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ምሥራቅ አድርጎ አቆማትና ገብቶ አባባን፣ «አባባ፣ ነገ ጠዋት ቁልቁል ለቅቄ ነው የማስነሳት። ባትሪዋን እንዳሻዎ ያርጉት፤ እኔ ያለ ጸሎት መንገድ አልወጣም» አላቸው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ሲጥ ሲል ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ጠዋታችን ጨዋታ ሆነ፤ አባዬ ፍሬኑን ይለቃል፣ መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ትንከባለላለች፣ መሐል ዳገቱ ላይ ስትደርስ ድንገት ታጓራለች፣ የሰፈሩ ልጆች ይጮኻሉ። ዳግመኛ አንድም ሰው አልገፋትም። አባዬም ወደ ፋብሪካው አልተመለሰም።

እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ፤ አባባ አንድ ክረምት ሲወጣ አረፉ። የለቅሶው ድንኳን ተነሥቶ አባዬ ወደ ሥራው በተመለሰበት ጠዋት የሚታዘል ሕፃን ስላልነበረ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ሐሳቡ የት እንደነበር እንጃ፣ ፍሬኑን ሳይለቅ ቁልፉን አዞረው። መኪናዋ ገና ሲነካት፣ በሙሉ ጉልበቷ ተነሣች። እንዲያ ጠግባ አድራ አታውቅም።

አባዬ እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ ድምፁን ጥቂት ሰማው። ከዚያ አጠፋት። ፍሬኑን ለቀቀና እንደ ወትሮው፣ ጸጥ ብለን፣ ቁልቁል ወረድን።